ወንድምዓለም፣ ስለ ታናሽህ የጠየቅከኝን ልመልስልህ

ወንድምዓለም፣

እንደምን ከረምክ? እትዬ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? ስምንት ወር ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል ብትቀየመኝ አልፈርድብህም። «ታናሼ ሜሪላንድ ገብቷል፣ እንዳንተ ለሬስቶራንት ምግብ የሚያደርስ ትራክ መንዳት አምሮታል፣ ሥራው እንዴት ነው?» ያልከኝን መልእክት የዚያኑ ቀን አንብቤዋለሁ። ያኔ እግሬ በጀሶ ታስሮ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ነበር። ደህና ነው ብልህ ውሸት ሆነብኝ፣ እውነቱን ብነግርህ ደግሞ እናቴ ጆሮ መድረሱ አይቀርም። ዝም አልኩ። እየቆየ ሲሄድ ደግሞ አፍሬ ቀረሁ። ይቅር በለኝ።

አሁን ድኛለሁ። ሥራ ከተመለስኩም ሦስት ወር አለፈኝ። ስለዚህ እውነቱን ልንገርህ።

ሹፌር ነኝ ስልህ መሪ ጨብጬ ስውል የሚታይህ ይመስለኛል። እኔ በቀን የምነዳው ቢበዛ አራት ሰዓት ነው። ሕጉ 11 ሰዓት መንዳት ይፈቅዳል፤ ግን ሥራ ከጀመርክ 14 ሰዓት ካለፈህ ከዚያ በኋላ መንዳት የለም፣ 10 ሰዓት ማረፍ አለብህ። መኪናው ላይ የተገጠመው መሣሪያ ደቂቃዋን ሁሉ ይመዘግባል። ከስቴት ስቴት የሚነዱት ልጆች የሚያልቅባቸው 11ዱ ነው። እኔን የሚያንቀኝ 14ቱ ነው፣ ምክንያቱም የቀረው ጊዜ ሸክም ነው።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት መጋዘን እደርሳለሁ። ትሬለሩ ተጭኖ ይጠብቀኛል፤ ከፊት በረዶ የሆነው፣ መሀል ላይ ወተትና አትክልቱ፣ ከኋላ ዱቄትና ዘይቱ። አብዛኛውን ቀን 14 ቦታ፣ ከ700 ካርቶን በላይ። ያን ሁሉ አንድ በአንድ የማወርደው እኔው ነኝ።

ዋሽንግተን፣ ጆርጅታውን የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ሬስቶራንት አለ፣ ዕቃ ቤቱ ምድር ቤት ነው። ከነጋ በኋላ መኪና ማቆሚያ ስለማይገኝ ቁልፋቸውን ሰጥተውኛል። ሰው ተኝቶ ሳለ በሩን ከፍቼ፣ አላርሙን አጥፍቼ እገባለሁ። የመጥበሻ ዘይቱ አንዱ ካርቶን 35 ፓውንድ ነው፣ 16 ኪሎ ገደማ። አምስቱን ባለ ሁለት ጎማው ጋሪ ላይ እደረድራለሁ፣ 80 ኪሎ መሆኑ ነው። ደረጃው አሥራ ሦስት ነው። እኔ ከላይ ሆኜ ጋሪውን ወደ ራሴ ጋደም አድርጌ አንድ አንድ ደረጃ አወርደዋለሁ፤ ጎማው ጧ ባለ ቁጥር ክንዴን እስከ ትከሻዬ ድረስ ይነዝረኛል። ከዚያ ባዶውን ይዤ እወጣና እንደገና።

ትዝ ይልሃል፣ ፒያሳ አትክልት ተራ፣ በክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሽንኩርት የተሸከምነው? የመጀመሪያው ቀን ወገቤ ሊቀነጠስ ሲደርስ አንተ ነህ «ከወገብህ አትነሳ፣ ከጉልበትህ ተነሳ» ያልከኝ። እዚህ ሥራ ስጀምር ያሠለጠነኝ ሰውዬ ያንኑ ቃል ነገረኝ። ከወንድሜ ተምሬዋለሁ አልኩት።

እግሬ የተሰበረው በየካቲት ነው። የትሬለሩ መወጣጫ ብረት በረዶ ይዞ ነበር። ጨው ይሰጠኝ ብዬ ጠይቄአለሁ፣ «ደንበኛ እየጠበቀ ነው፣ ውጣ» ተባልኩ። 40 ፓውንድ የዶሮ ካርቶን አቅፌ ስወርድ አንሸራተተኝና ወደቅኩ። ቁርጭምጭሚቴ ሲሰበር ድምፁን ሰምቼዋለሁ። ያን ድርጅት ትቼ አሁን ሌላ ቦታ ነኝ። ያቺን ጠዋት እምቢ አለማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ታዲያ ለምን ተመለስክ ትለኝ ይሆናል። ሥራውን እወደዋለሁ። ኮቪድ በገባ ጊዜ፣ በማርች 2020፣ ዋሽንግተን ውስጥ ሬስቶራንት ገብቶ መብላት ሲከለከል አንዳንዱን ቤት በቁልፌ ከፍቼ ስገባ ወንበሩ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጦ፣ ፍሪጁ ብቻውን እያጉረመረመ አገኘው ነበር፤ ሆዴ ባባ። ያኔ ነው እነዚህን ወጥ ቤቶች ምን ያህል እንደለመድኳቸው የገባኝ። አሁን አንድ የአረጋውያን መኖሪያ አለኝ። ምግብ አብሳይዋ በየማክሰኞው ዕቃውን ትቀበለኛለች፣ የሙቀት መለኪያውን ዶሮው ላይ ትሰካና ከ41 ፋራናይት፣ ማለትም ከ5 ሴልሺየስ በላይ ካሳየ ትመልሰዋለች። አልቀየማትም። ደስ ነው የሚለኝ፣ የሚበሉት አዛውንት ናቸው። እሷን እያሰብኩ ነው የትሬለሩን በር በወረድኩ ቁጥር የምዘጋው።

ሁዳዴ ላይ ግን ይከብዳል። ምንም ሳልቀምስ አይብና ቅቤ ስሸከም አረፍዳለሁ።

ለታናሽህ ይህን ንገርልኝ። ከ21 ዓመት በታች ከሆነ ይቆይ፤ እኛ በአንድ ቀን ሜሪላንድ፣ ዲሲ፣ ቨርጂኒያ እንረግጣለን፣ ስቴት ለማቋረጥ ደግሞ 21 መሙላት አለበት። ከፌብሩዋሪ 2022 ወዲህ መንግሥት በመዘገበው ማሠልጠኛ ሳያልፉ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ፈተና የለም፣ ስለዚህ ብሩን ከመክፈሉ በፊት ትምህርት ቤቱ መመዝገቡን ያረጋግጥ። እንግሊዝኛውንም ይበርታበት። ከጁን 2025 ጀምሮ መንገድ ላይ ሲያስቆሙህ ያናግሩሃል፣ ካልገባህ ከመንዳት ያግዱሃል። ቅጥር ሲጠይቅ ስለ ደመወዙ ብቻ አይጠይቅ፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ረዳት ይሰጡታል ወይ? በበረዶ ቀን ጨው ማን ይሰጣል? የማያንሸራትት ጫማ ከራሱ ኪስም ቢሆን ይግዛ።

ከፈለገ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ይምጣና መጋዘኑን ላሳየው። ስልኬን ስጠው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውልልሃለሁ፣ ባንተ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ። ለእትዬ የእግሬን ነገር እንዳትነግርብኝ፤ ለእናቴ እኔው ራሴ እነግራታለሁ።

ወንድምህ