ለአበልጄ

ውድ አበልጄ፣

እንዴት ከረማችሁ? ከፋሲካ ወዲህ ድምፄን አጥፍቻለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በዪኝ። የቀረውን ወቀሳ ቡና ላይ ትጨርሺዋለሽ። አሁን ያጣደፈኝ የትናንቱ መልእክትሽ ነው፤ «ወላጅ አምጣ ተብሎ መጣ፣ ልጅ ያሸማቅቃል አሉኝ፣ በምን አጉድዬበት ነው?» ያልሽው። እውነቱን ልንገርሽ፣ የክርስትና አባቱ መሆኔ ትዝ ሲለኝ አፈርኩ።

በይ መጀመሪያ ቀበቶውን መልሺው። አውቅሻለሁ፣ እጅሽ ከአፍሽ ይቀድማል! ብትገርፊው የሚማረው ያንኑ ነው፤ ጉልበት ያለው ያሸንፋል።

«አጉድዬበት» የሚለው ለአንዳንድ ልጅ ይሠራል፣ ለብዙው ግን አይሠራም። ልጃችን ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገባ። ትምህርት ቤቱ አዲስ፣ ክፍሉ አዲስ፣ ማን ከማን እንደሚበልጥ ገና አልለየም። አንዱን ብቸኛ መርጦ ቅጽል ስም ያወጣለታል፣ ክፍሉ ይስቃል። ያ ሳቅ ደመወዙ ነው። ካናዳ ውስጥ በትምህርት ቤት ግቢ በካሜራ የተቀረጹ ጥቃቶች ሲመረመሩ፣ ከ100 በ88ቱ ሌሎች ልጆች ቆመው ያዩ ነበር። የገላገሉት በ19ኙ ብቻ ነው። ከገላገሉ ግን ከግማሽ በላይ በሆነው ጊዜ ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። ስለዚህ ከእሱ እኩል የሚስቁለትን ተመልከቺ።

ደግሞ ሌላ ዓይነት አለ፤ ራሱ እየተጠቃ ሌላውን የሚያጠቃ። እንዲህ ያለው ልጅ ኮሪደር ላይ ሳያስቡ የገፉትን ሁሉ ሆን ብለው ያደረጉት ይመስለዋል። የእኛው ከየትኛው ነው? ማታ ብቻችሁን ስትሆኑ ጠይቂው። «ለምን?» አትበዪው፤ «እሱ ነው የጀመረኝ» ይልሻል። የት ነበር፣ ማን ነበረ፣ ማን ሳቀ፣ ከዚያስ ምን ሆነ በዪው።

ነገ ዩኒት ሊደሩ ሁለቱን አስጠርቶ «ተቃቀፉ፣ ታረቁ» እንዳይል ለምኚው። እርቅ ለተጣሉ እኩዮች ነው፤ ይሄ ጠብ አይደለም። አንዱ ጓደኛ የከበበው፣ ሌላው ብቻውን የሆነ፣ በዚያ ላይ በየቀኑ የሚደጋገም ነገር ነው። የተገደደው ይቅርታ ሂሳቡ ሽንት ቤት በር ላይ ይወራረዳል። ለየብቻ ያናግሯቸው፤ የዕረፍት ሰዓቱንና የመውጫውን መንገድ መምህር ይቁምበት። «አንተ ደግሞ ያበላሸኸውን በምን ትክሳለህ?» ብለሽ ልጃችንን ራሱን አሳስቢው፤ ደብተር ቀዶ ከሆነ ከኪሱ ገዝቶ ይተካ። ሳምንት ጸጥ ቢል አትዘናጊ፤ ነገሩ ወደ ክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ይሻገራል።

አንድ ነገር... እንዳትቀየሚኝ። ያን ሁሉ ስትጽፊልኝ ስለሚሸማቀቀው ልጅ ምንም አላልሽም። ስሙ ማነው? ትምህርት ቤት እየመጣ ነው? እናቱን አግኝተሻታል?

ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ፤ ልጁን የትም እንዳትልኪው።

አበልጅሽ