ጌቾ፣ መጀመሪያ አሸዋውን አንጥፍላቸው

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጌቾ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ተጠፋፋን እኮ! ሥራው፣ ልጁ፣ የሰዓቱ ልዩነት ተደራርቦ ዛሬ ነገ ስንል ዓመታት አለፉ። በጣም ናፍቀኸኛል።

ባለፈው እህትህ ደውላልኝ ብዙ ስናወራ ቆየን። ናቲ ዓሣ ዓሣ እያለ መውጫ መግቢያ ሲያሳጣህ ከርሞ አኳሪየም እንደገዛህለት የነገረችኝ ያኔ ነው። ከልቤ ደስ አለኝ። "አሁን ደግሞ ያንን ቆሻሻ የሚበላውን ዓሣ እየፈለገ ነው" ስትለኝ ግን ልጽፍልህ ወሰንኩ። ታች የሚኖሩ ዓሦችን እዚህ አሜሪካ፣ አርሊንግተን ቤቴ ውስጥ ማርባት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። እንደነሱ የምወደው ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ እባክህ ከመግዛትህ በፊት ይህን አንብብልኝ።

ጌቾ፣ ቆሻሻ የሚበላ ዓሣ የለም። ሻጮች እንዲህ ብለው ይሸጣሉ፣ እዚህም ያው ነው። ታች የሚኖሩ ዓሦች ከላይ የወደቀ ምግብ ካገኙ ይለቅማሉ። አንዳንዶቹ መስታወትና እንጨት ላይ የበቀለ አልጌ ይግጣሉ። የሌላ ዓሣ ኩስ ግን አይበሉም። እነሱም በልተው ይኮሳሉ፤ ስለዚህ አንድ ዓሣ በጨመርክ ቁጥር የውሃው ቆሻሻ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ገንዳውን የምታጸዳው አንተ ነህ፤ በባልዲና በጎማ ቱቦ።

ለጽዳት ተብሎ የተገዛ ዓሣ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በረሃብ ነው። ባለቤቱ "ታች የወደቀውን ይለቃቅማል" ብሎ አይመግበውም። የላይኞቹ ዓሦች ምግቡን ገና ሳይወርድ ይጨርሱታል። የታችኛው ሆዱ እየጎደለ ሲሄድ ደግሞ ከላይ ለሚያየው ሰው አይታወቅም። እንዲህ ያለ ገንዳ በየሰው ቤት ሳይ አንጀቴን ይበላኛል።

ምናልባት ሻጩ በአፉ መስታወት ላይ የሚለጠፈውን ፕሌኮ ያሳይህ ይሆናል። ሱቅ ውስጥ ጣት የምታክል ናት፣ ታሳሳለች። ተራው ፕሌኮ ግን ሲያድግ 40 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ያንተ ገንዳ ውስጥ መዞሪያ እንኳ አያገኝም። ፍሎሪዳና ሜክሲኮ ውስጥ ሰዎች አድጎ ሲያስቸግራቸው ወንዝ ውስጥ እየለቀቁት አሁን የአካባቢው ችግር ሆኗል። እሱን ተወው። አልጌ የሚግጥ ዓሣ ካማረህ አንሲስትረስ የሚባለውን ጠይቅ፤ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆማል፣ ዝኩኒና ኪያር ብትሰጠው ይወዳል።

እኔ ግን ለናቲ የምመርጥለት ኮሪዶራስ ነው።

ባሕር ዳር ልጅ ሳለን አምባዛ ከውሃ ወጥቶ ያን ያህል ጊዜ ሳይሞት ሲቆይ እንገረም አልነበር? ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት ሌላ አካል ስላለው ነው። ኮሪዶራስ የአምባዛ የሩቅ ዘመድ ነው፣ አገሩ ደቡብ አሜሪካ። እሱም ጢም አለው፣ እሱም አየር ይተነፍሳል፤ የሚተነፍሰው ግን በአንጀቱ ነው። ታች ተኝቶ ቆይቶ በድንገት ወደ ላይ ይወነጨፋል፣ አየር ይጎርሳል፣ ተመልሶ ይወርዳል። የተጎረሰው አየር አንጀቱ ውስጥ ሲያልፍ ኦክስጅኑ ወደ ደሙ ይገባል። ናቲ መጀመሪያ ሲያየው የታመመ ሊመስለው ይችላል፤ ንገረው። ሁሉም አሥር ጊዜ እየተመላለሱ ከሆነ ግን ውሃው ኦክስጅን አንሶታል ወይም ተበላሽቷል ማለት ነው።

እናቶቻችን አምባዛ ቅርፊት የለውም ብለው አያበስሉትም ነበር። ኮሪዶራስም ቅርፊት የለውም። በቅርፊት ፈንታ ጎንና ጎኑ ላይ በሁለት ረድፍ የተደረደረ የአጥንት ጥሩር ለብሷል። ጀርባው ላይና በሁለቱ የጎን ክንፎቹ ፊት ጠንካራ እሾህ አለው፤ ሲደነግጥ ገትሮ ይቆልፈዋል። በመረብ ከያዝከው መረቡ ውስጥ ይተበተባል፣ አንተንም ከወጋህ ያቃጥላል። በኩባያ ነው የሚያዘው። ደግሞ ዓይኑን ወደ ታች ሲያዞር የጠቀሰህ ይመስልሃል። ናቲ በዚህ በዚህ ነው የሚወዳቸው፣ ታያለህ።

ዝርያው ብዙ ነው። ለአዲስ አበባ የምመክርህ ኮሪዶራስ ፓሌያተስ የሚባለውን ነው፤ ግራጫ መልክ ያለው፣ ጥቁር ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለበት፣ ሲያድግ ስድስት ሰባት ሴንቲ ሜትር የሚሆን። ቻርልስ ዳርዊን በቢግል መርከብ ሲጓዝ ከሰበሰባቸው ዓሦች አንዱ ነው፤ እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊዮናርድ ጄኒንስ እ.ኤ.አ. በ1842 መዝግቦታል። አገሩ አርጀንቲናና ኡራጓይ አካባቢ ነው፣ ክረምቱ የሚበርድበት። ለዚህ ነው ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ባለው ውሃ የሚመቸው። ሌላው ስተርባይ የሚባለው ቆንጆ ነው፣ እኔም አለኝ፤ እሱ ግን ከ24 በታች ደስ አይለውም፣ ያለ ማሞቂያ አይሆንም። መብራት ሲጠፋ በኅዳር ሌሊት ምን እንደሚሆን አስበው። ለናንተ ቤት ቅዝቃዜ የለመደው ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2024 ተመራማሪዎች የኮሪዶራስን ወገን ከፋፍለው ለብዙዎቹ ሌላ ሳይንሳዊ ስም ሰጥተዋል፤ ሱቅ ውስጥ ግን አሁንም ኮሪዶራስ ካልክ ይገባቸዋል።

አንድ ብቻ እንዳትገዛ። ሁለትም አይሆንም። በመንጋ የሚኖር ፍጥረት ነው፣ ቢያንስ ስድስት ይሁኑ። ብቻውን የቀረ ኮሪዶራስ ጥግ ይዞ ይውላል። ስድስት ሲሆኑ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይተኛሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ወደ ወለሉ። ሰው አኳሪየም ሲገዛ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ይጠይቃል። ለታች ዓሣ ግን ቁመቱ ምንም አይጠቅመውም፤ ቤቱ ወለሉ ነው። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለስድስት ፓሌያተስ ይጀመራል፤ ሰፋ ካለ ደግሞ እሰየው። ያንተ ቁመቱ ረጅም፣ ወለሉ ግን ጠባብ ከሆነ ሳትዘገይ ቀይረው።

ሱቅ የሚሸጠውን ባለ ቀለም ጠጠር አታስገባ። ኮሪዶራስ አፉን እስከ ዓይኑ አሸዋ ውስጥ ይከታል። አሸዋውን ይጎርስና እናቶቻችን ጤፍ እንደሚነፉት ምግቡን አስቀርቶ አሸዋውን በስንጥቡ ያወጣዋል። ቀኑን ሙሉ ሥራው ይኸው ነው። ጠጠር ላይ ይህን ማድረግ አይችልም። ጠጠሩ ስለት ካለው አፉን ይጎዳዋል። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ግን በጠጠሩ መሐል የሚታጎረው የበሰበሰ ምግብ ነው። ባክቴሪያ እዚያ ይራባና ጢሙን ይበላዋል። ጢሙ ያለቀበት ኮሪዶራስ ምግቡን ማሽተት ይከብደዋል። ስለዚህ ደቃቅና ለስላሳ የወንዝ አሸዋ ፈልግ። በእጅህ ጨብጠህ እሸው፤ ከኮረኮረህ አይሆንም። ኮምጣጤ ጠብ አድርግበት፣ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት ማለት ነው፣ ተወው። ውሃው ጥርት እስኪል እጠበው። ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል አንጥፍላቸው፣ ይበቃል።

ከዚያ ትዕግሥት። ዓሣው በስንጥቡና በኩሱ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፣ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጠዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ውሃውን በሚያጣራው ፊልተር ስፖንጅ ላይ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፣ ውሃው ሲበርድ እንዲያውም ይዘገያል። ዓሣ የሚያረባ ሰው ካወቅክ ያገለገለ ስፖንጁን ለምነህ ያንተ ውስጥ ጭመቀው፤ ጊዜውን በብዙ ያሳጥርልሃል። ስፖንጅህን ስታጥብ ደግሞ ከገንዳው በቀዳኸው ውሃ እጠበው። የቧንቧው ክሎሪን የለፋህባቸውን ባክቴሪያዎች ይገድላቸዋል።

ውሃ በየሳምንቱ ሩቡን ያህል ቀይር። ክሎሪን ብቻ ያለበት ውሃ በባልዲ አንድ ቀን ካደረ ይለቀዋል። እዚህ እኛ ጋ ክሎራሚን የሚባለውን፣ ቶሎ የማይለቀውን ስለሚጨምሩበት ማሳደር አይሠራም፣ የግድ ማከሚያ ጠብታ እንጠቀማለን። በየዓመቱ በፀደይ ደግሞ ቧንቧውን ለማጽዳት ለተወሰኑ ሳምንታት ወደ ክሎሪን ይመልሱታል፤ ያኔ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ጠብታው ካለህ ለሁለቱም ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ እዚህ የሚጻፈውን ምክር ስታነብ ልብ በለው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ያንሳል። እዚህ ሰዎች "ይህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ ይችላል" ሲሉ ያንተን ውሃ አያውቁትም። ዓሣ አታብዛ። አየር የሚነፋ ፓምፕ ያለው የስፖንጅ ፊልተር ያዝ፣ ርካሽም ነው። ክዳኑንና ውሃውን አታጋጥም፤ አየር የሚጎርሱበት ክፍተት ይኑር። መብራት ሲጠፋ ምግብ አትስጥ። ብዙ ከቆየ ውሃውን በኩባያ እየቀዳህ ከከፍታ መልሰህ አፍስሰው፣ አየር ይገባበታል።

ምግብ የሚሰምጠውን እንክብል ግዛ፣ ማታ መብራት ካጠፋህ በኋላ ጣልላቸው። ያኔ የላይኞቹ ያርፋሉ፣ እነሱ ይበላሉ።

ሲመቻቸው ደግሞ ይወልዱልሃል። ሞቅ ባለ ሰሞን ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ብዙ አድርገህ ብትቀይር ዝናብ የመጣ ይመስላቸዋል። ሴቷ ጥቂት ጥቂት እንቁላል በሆዷ ክንፎች መሐል ይዛ መስታወቱን በአፏ ትጠርግና ትለጥፋለች። ተመልሳ እንደገና፣ እንደገና። በአራት አምስት ቀን ይፈለፈላል። እንቁላሉን ወደ ሌላ ዕቃ አውጣው፣ አለዚያ ራሳቸው ይበሉታል። ይህን ናቲ ካየ አኳሪየሙ አጠገብ ነው የሚያድረው።

ስለ ጣናም ንገረው። እኛ ስንዋኝ ድንጋዩ ላይ ተለጥፈው የሚቀመጡ ትንንሽ ዓሦች ትዝ ይሉሃል? ጋራ የሚባለው ወገን ናቸው። ጋራ ታና እና ጋራ ሬግሬሰስ የተባሉት ሁለቱ ከጣና ሌላ ቦታ የሉም፤ ለሳይንስ የተመዘገቡትም እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከሐይቁ አውጥተን ቤት እናስገባቸው አልልህም፣ እዚያው ይኑሩ። ግን አንድ ጊዜ ይዘኸው ውረድና አሳየው፤ የኛም ውሃ ወለል ባዶ እንዳልሆነ ይወቅ።

ለፋሲካ ከዚህ የሚመጣ ሰው አለ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕና አንድ ጠርሙስ ማከሚያ እልክልሃለሁ። አንተ ደግሞ የገንዳውን ርዝመትና ወርድ ለክተህ፣ የምትገዛውን አሸዋ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። እስከዚያ ዓሣ አትግዛ፤ ናቲን "አጎትህ ጠብቅ ብሎሃል" በለው። እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ያንተው ወንድም፣
ታዴ