የጭቃ ሰሌዳ ሲገዛ ዋልካውም ይታሰብ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በየመሥሪያ ቤቱ የመኪና ዕቃ ግዢ ይጧጧፋል። ጎማ ይገዛል፣ ባትሪ ይገዛል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ «የጭቃ ማውጫ ሰሌዳ፣ ጥንድ 1» የምትል መስመር በግዢ መጠየቂያው ላይ መታየት ጀምራለች፤ ጭቃ የያዘውን መኪና ለማውጣት ጎማው ሥር የሚነጠፈው ጥርሳም ሰሌዳ ማለት ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ መስመሯ እዚያው ላይ ማለቋ ነው፤ ርዝመት የለ፣ ክብደት የለ፣ ከምን እንደተሠራ የለ። ስለዚህ ትንሹን ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል፤ የመጣው ሰሌዳም ዋልካ (የሚለጠፈው ጥቁር አፈር) ላይ አንድ ቀን ከዋለ በኋላ ጥርሱ ተላጭቶ መጋዘን ይገባል። ከዚያ «ይሄ ነገር አይሠራም» ይባላል።

በየማስታወቂያው የሚታየው መኪና የቆመው ደረቅ የበረሃ አሸዋ ላይ ነው። የወሎ መሬት ሌላ ነው። የጃማና የወረኢሉ ሜዳ ዋልካ ነው። ቆቦ ሜዳ ላይ የሆርማትና የጎሊና ወንዞች የሚያወርዱት አሸዋና ደለል አለ። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ሲወረድ የጨፋ ረግረግ ይጠብቃል። በምሥራቁ ደጋ ደግሞ በልጉም ስለሚዘንብ ጭቃው የሐምሌና የነሐሴ ብቻ አይደለም። ለአሸዋ የተሠራ ሰሌዳ ለዋልካ የማይሆንበት ምክንያት ስላለ ሰሌዳው ከመመረጡ በፊት መሬቱን ማወቅ ይቀድማል።

ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ ይደርቃል፤ ውሃ ሲነካው ያብጥና ይለጠፋል። የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ የሚርሰው ግን የላይኛው አምስት ወይም አሥር ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ሥሩ ገና ደረቅ ነው። በዚህ ጊዜ የተያዘ መኪና አልሰጠመም፣ እየተንሸራተተ ነው። ሰሌዳ ማውረድም ላያስፈልግ ይችላል። ከአራቱም ጎማ ፊት ያለውን ጭቃ በአካፋ እስከ ደረቁ መሬት ጠርጎ ቀስ ብሎ መንዳት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ዝናቡ ሳምንታት ከሰነበተ በኋላ ግን ደረቅ ነገር ፍለጋ መቆፈር ጉድጓዱን ከማጥለቅ በቀር ትርፍ የለውም፤ ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው። ሰሌዳው የሚፈለገው ያኔ ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ጥርሱ ነው። ጎማው ሰሌዳው ላይ ወጥቶ ከመሄድ ይልቅ እዚያው ከሾረ በሰበቃ የሚፈጠረው ሙቀት የፕላስቲኩን ጥርስ ያቀልጠዋል። ናይለን የሚቀልጠው ከ220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ ነው። ፖሊፕሮፒሊን በ160 ገደማ፣ ጀሪካን የሚሠራበት ፖሊኤትሊን ደግሞ በ130 ገደማ ይቀልጣል። ሦስቱም ሱቅ ውስጥ ቀለማቸው ብርቱካናማ፣ ቅርጻቸው አንድ ነው። ጭቃ ላይ ግን አንዱ ሹፌሩ ነዳጁን ትንሽ አብዝቶ ቢረግጥ ይቅር ይላል፣ ሌላው በአንድ ጊዜ ስሕተት ይላጫል። ጥርሱ የተላጨ ሰሌዳ ደግሞ ጭቃ ሲቀባ እንደ ሳሙና ነው።

ሻጩ «ናይለን ነው» ብሎ ቢምል የሚለይበት ቀላል መንገድ አለ፤ ውሃ። ፖሊፕሮፒሊንና ፖሊኤትሊን ከውሃ ስለሚቀልሉ ይንሳፈፋሉ፤ ናይለን ከውሃ ስለሚከብድ ይሰጥማል። ሰሌዳውን በርሜል ወይም ገንዳ ውስጥ በቁሙ አስገብቶ፣ በጥርሶቹ መካከል የተያዘው አየር እንዲወጣ ወዘወዝ አድርጎ መልቀቅ ነው። ተንሳፎ ከቀረ ዋጋውም የጀሪካን ዋጋ ይሁን። ቀጥሎ ሁለቱን ጫፍ ድንጋይ ላይ አሳርፎ መሃሉ ላይ መቆም፤ ደህናው ሰሌዳ ይጎብጥና ሲወርዱለት ይመለሳል። የጎበጠበት ቦታ ላይ ነጭ መስመር ከታየ ፕላስቲኩ ውስጥ ውስጡን መሰንጠቅ ጀምሯል ማለት ነው። ይህ ደግሞ እንደ ጉጉፍቱ ባለ ብርድ ቦታ ይብሳል፤ ርካሹ ፖሊፕሮፒሊን ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ይሰባበራል፣ መኪና የሚያዘውም ብዙ ጊዜ በማለዳ ነው።

ጥርሳቸው ብረት የሆነላቸውም አሉ። አይቀልጡም፤ ጎማው ከሾረ ግን ጎማውን ይቦጭቁታል። ጥርሱ በቡሎን የሚፈታና የሚቀየር ከሆነ፣ ሹፌሩም እግሩን የሚቆጣጠር ከሆነ ለዋልካ መጥፎ ምርጫ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ገዢዎች ገልብጠው የማያዩት የሰሌዳው ሆድ ነው። አሸዋ ላይ የመኪናው ክብደት ሰሌዳውን ወደ ታች ስለሚያጣብቀው ሆዱ ለስላሳ ቢሆንም ይሠራል። ዋልካ ላይ ግን ሆዱ ለስላሳ የሆነ ሰሌዳ ጎማው ሲይዘው ራሱ ወደ ኋላ ይንሸራተትና መኪናው ባለበት ይቀራል። ከሥሩ ጠለቅ ያለ ጥርስ ወይም በአግድም የወጣ ጎላ ያለ መስመር ያለው ይመረጥ። ላዩም ጭቃው የሚያልፍበት ክፍት ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ ጥርሶቹ ተጠጋግተው ከተደረደሩ ዋልካው መሃላቸው ይሞላና ጥርስ አልነበረም ማለት ነው። ጎማው የሚገባበት ጫፍ ስስና ዝቅ ያለ ይሁን፤ ወፍራም ጫፍ ጎማውን እንደ ደፍ ያቆመዋል።

ርዝመትን በሒሳብ ማየት ይሻላል። የሃርድ ቶፕ ላንድክሩዘር 7.50-16 ጎማ ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንድ ዙር ሲዞር 2.5 ሜትር ይሄዳል። 1.15 ሜትር ርዝመት ያለው ሰሌዳ ከግማሽ ዙር በታች ነው የሚሰጠው። ታጣፊውና 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ያለው ደግሞ ሩብ ዙር፤ ይህ ለቤት መኪና ይሆን እንደሆነ እንጂ ለገጠር ሥራ አይሆንም። ረጅሙ ሃርድ ቶፕ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ወደ 3 ሜትር ስለሚርቅ፣ በሁለት ሰሌዳ የፊቶቹ ሲወጡ የኋላዎቹ ገና ማጡ ውስጥ ናቸው። ለዋልካ ትክክለኛው ቁጥር ሁለት ሳይሆን አራት ነው። ገንዘቡ ለሁለት ብቻ ከበቃ ሁለት ጥሩ ሰሌዳ ከአራት ርካሽ ይበልጣል፤ እየተነሣ እየተነጠፈ መሄድ ነው።

ላዩ ላይ ስለሚጻፈው «10 ቶን» ብዙ አንልም። ቁጥሩ የሚሠራው ሰሌዳው ሙሉ ለሙሉ መሬት ላይ ተኝቶ ሲጫኑት ነው እንጂ ቦይ ላይ እንደ ድልድይ ተዘርግቶ አይደለም። የፕላስቲክ ሰሌዳ ድልድይ አይደለም።

ቦይ መሻገር ለሚያስፈልጋቸው ደሴም ኮምቦልቻም ያሉ ብየዳ ቤቶች የብረት መሰላል ሊሠሩላቸው ይችላሉ። ሁለት ባለ 40 በ40፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ በ1.2 ሜትር ይቆረጣል፤ መሃላቸው 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው 15 ባለ 16 ቁጥር ፌሮዎች በየ8 ሴንቲ ሜትሩ በሁለቱም ወገን ይበየዳሉ። የአንዱ ክብደት 15 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ላንድክሩዘርን ወይም ሃይሉክስን ከግማሽ ሜትር ባልሰፋ ቦይ ላይ ያሻግራል፤ ከዚያ በላይ ቱቦላሬው ይጎብጣል። ብረት ለዚህ ሥራ መዋሉ አዲስ አይደለም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች ለአውሮፕላን ማረፊያ ያነጠፉት የተበሳ ብረት አንዱ 3 ሜትር ርዝመትና 30 ኪሎ ያህል ክብደት ነበረው፤ የተረፈውን የበረሃ ሾፌሮች ለዓመታት ተጠቅመውበታል። የብረቱ ችግር አንደኛው ጫፍ ሲረገጥ ሌላኛው ተነሥቶ የነዳጅ ጋኑን ወይም የፍሬን ቱቦውን መምታቱ ነው። ስለዚህ ጎማው ከነካው በኋላ መቸኮል የለም።

አይሱዙና ኤፍ ኤስ አር የሚነዱም ይጠይቃሉ። የኋላ ጎማቸው ጥንድ ስለሆነ 33 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሰሌዳ ለአንዱ ጎማ ብቻ ይበቃል፤ ክብደቱም ለፕላስቲክ አይሆንም። ለነሱ ጭነቱን ማራገፍና ድንጋይ ማንጠፍ እስካሁን የተሻለ ነው። ሲወጡ በጥንዶቹ መካከል ድንጋይ ተቀርቅሮ እንዳይሄድ ይታይ፤ ጎማ ያፈነዳል።

አጠቃቀሙ ላይ ከሰሌዳው እኩል የሚያጠፋው እግር ነው። ጎማው ሾሮ መኪናው ካልሄደ በዚያው ቅጽበት ማቆም። ሰው ይውረድ፣ ከባድ ዕቃ ይውረድ። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀለው የመጡበት መንገድ ስለሆነ ወደ ፊት ከመታገል በፊት የኋላ ማርሽ ይታሰብ። የሃርድ ቶፕ ሾፌር ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የፊት ጎማዎቹ መሃል ላይ ያለውን በእጅ የሚዞር መቆለፊያ ይመልከት፤ «ፍሪ» ላይ ከቀረ ፎር ዊል ቢገባም የፊት ጎማዎቹ አይጎትቱም። ብዙ «ሰሌዳው አልሠራም» የሚባል ነገር እዚህ ላይ ያልቃል።

ከዚያ አካፋ ነው። ዲፈረንሻሉ ጭቃው ላይ ተቀምጦ ከሆነ ሰሌዳ ብቻውን አያነሣውም፤ ሥሩ ይጸዳል። ከጎማው ፊት ያለው ጭቃ በሰሌዳው ርዝመት ልክ ተዳፋት ሆኖ ይቆፈራል። ሰሌዳው ጥርሱ ወደ ላይ ሆኖ ስሱ ጫፍ ጎማው ሥር እስኪነክስ ድረስ በእግር ይመታል፤ ክፍተት ከቀረ ጎማው እየሾረ ይገፋዋል እንጂ አይወጣበትም። በኋለኛው ጫፍ ላይ ሁለት ሜትር ያህል ደማቅ ገመድ ይታሰር፤ ዋልካ የዋጠውን ሰሌዳ ያለ ገመድ ማግኘት ሌላ ግማሽ ቀን ነው። በዝቅተኛው ፎር ዊል፣ በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጁን ሳይጭኑ ቀስ ብሎ መነሣት፤ መኪናው ከተንቀሳቀሰ ጠንካራ መሬት እስኪረግጥ ሰሌዳ ለማንሣት ተብሎ አይቆምም።

አንድ ነገር በብርቱ እናሳስባለን። መኪና ሲያዝ የሰፈሩ ወጣት «አይዞህ!» እያለ ከኋላ ሊገፋ ይመጣል፤ የወሎ ሰው ደግነት ነውና አይከለከልም። ሰሌዳ ከተነጠፈ በኋላ ግን ከመኪናው ፊትም ኋላም ሰው መቆም የለበትም። ጎማ የያዘው ሰሌዳ ተስፈንጥሮ ሲወጣ የሰው ቅልጥም ይሰብራል። ሁሉም ወደ ጎን ራቅ ይበል። በቆቦ ወንዞች አሸዋ ላይ ለተያዘ ደግሞ በስተ ምዕራብ ተራራው ላይ ዳመና ከታየ መጀመሪያ የሚወጣው ሰው ነው፤ ደራሽ ውሃ ከላይ ዘንቦ ከታች በፀሐይ ይመጣል።

የጎማ አየር መቀነስ አሸዋ ላይ ከሰሌዳ በፊት ይሞከራል፤ ወደ 18 ፒ ኤስ አይ ማውረድ ለውጡ ይታያል። ካላማዳሪ ያለው ጎማ ግን ከዚያ በታች ሲወርድ ቸርኬው ላይ ይዞርና የካላማዳሪውን አየር ማስገቢያ ቫልቭ ይቆርጠዋል። ዋልካ ላይ ጥቅሙ ያነሰ ነው፤ የጎማው ጥርስ በጭቃ ተሞልቷልና። ያም ሆነ ይህ የቀነሰ ሰው መንፊያ ይያዝ፣ ጠጠር መንገድ ላይ ሳይነፋ ከሮጠ የጎማውን ጎን ይቆርጣል።

ከሥራ በኋላ ሰሌዳው ሳይደርቅ ይታጠብ። ፖርቶመጋላ ላይ ዓመቱን ሙሉ ታስሮ ፀሐይ ሲመታውም ፕላስቲኩ ይደክማል፤ በበጋ ይውረድ።

ለግዢ ክፍሎች እንግዲህ መስመሯ ይህን ያህል ብትረዝም አይከፋም፤ «የጭቃ ሰሌዳ፣ ከናይለን የተሠራ፣ ውሃ ውስጥ የሚሰጥም፤ ርዝመት ከ1.10 ሜትር፣ ስፋት ከ30 ሴንቲ ሜትር፣ የአንዱ ክብደት ከ3 ኪሎ የማያንስ፤ ከላይም ከሥርም ጥርስ ያለው፣ መሃሉ ክፍት፣ በሁለቱም ጫፍ እጀታ ያለው፣ ቀለሙ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ፤ ለአንድ መኪና 4፣ ከአንድ ረጅም እጀታ አካፋና ከአንድ የአየር መለኪያ ጋር። ርክክቡ ናሙናው ውሃ ውስጥ ከተፈተነ በኋላ።»

ከአክብሮት ጋር፣
የመኪና ጥገና ባለሙያዎችና ሾፌሮች፣ ከደሴ