ስለ ክብራን ደጅ ለልጄ

ደብረ ማርቆስ፣ ጎጃም

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ጤናሽ እንደምን ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በጣና ሐይቅ ደሴት ካለው ከክብራን ገብርኤል ገዳም ስትደርሱ፣ ሴት አይገባበትምና ወንዶቹ ሲገቡ አንቺ ከጀልባው ዳር መቅረትሽን፣ በዚያም ተከፍተሽ በገዳም ሴት ምን ቦታ አላት ብለሽ የጻፍሽውን አንብቤ ብዙ አሰብሁ። የገዳሙን ሥርዓት አልነቅፍም፤ ነገር ግን የሴትን ቦታ በአንድ ደሴት ደጅ እንዳትለኪው።

ያው ጣና የወለተ ጴጥሮስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1592 የተወለደችው ይህች የአፄ ሱስንዮስ ሹም ሚስት፣ ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት ባዘነበለ ጊዜ ባሏንና ቤቷን ትታ መነኮሰች፤ የንጉሡን አዲስ ሃይማኖት በግልጽ ስለ ተቃወመችም ተጋዘች፤ ወንዶችም ሴቶችም የሚኖሩባቸውን ማኅበራት መሥርታ እስክትሞት ድረስ መራች። ከገድሏ ይበልጥ የሚመስጠኝ ግን ክርክሩ ነው። አንዳንድ ሊቃውንት፣ ጳውሎስ ሴት እንድታስተምር አልፈቀደምና እንዴት አለቃ ትሆናለች ብለው ሲነሡ፣ አባ ፈትለ ሥላሴ የተባለው መምህር፣ እኛ ስለ ተበላሸን እግዚአብሔር ሹመታችንን ነጥቆ ለእርሷ ሰጣት ብሎ አፋቸውን አስያዛቸው። መልሱ ደስ ቢያሰኝም ትንሽ ቅር ይለኛል፤ ወንዶቹ ባይበላሹ ኖሮ አትሾምም ነበር ያሰኛልና።

ቅድስት ክርስቶስ ሠምራም ባለ ትዳርና የልጆች እናት ነበረች። ተቆጥታ የገደለቻት አገልጋይ በጸሎቷ ብትነሣላት ዓለምን ትታ መነነች፤ የአዳም ልጆች እንዳይጠፉ ሰይጣንን ማርልኝ ብላ ጌታን የለመነችውም እርሷው ናት። እንዲህ ያለውን ልመና የሚደፍር፣ ምሕረትን በራሱ የቀመሰ ሰው ይመስለኛል።

እዚሁ ጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሆነው በጽላሎ ቅኔ አስተምረዋል፤ ወንዶች ደቀ መዛሙርት ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ተምረዋል።

አያትሽም አባቴ ከሞተ በኋላ ቆብ ደፍተው በቤታቸው መነኮሱ። ለመገበሪያ የሚሆነውን ስንዴ በሰፌድ ዘርግተው አንድ አንዱን እየለቀሙ ዳዊት በቃላቸው ሲደግሙ፣ እኛ ልጆቻቸው እርጅናቸውን እንጂ ሌላ አላየንም፤ በጸሎታቸው ምን እንደሚያዩ አንድ ቀን እንኳ ሳልጠይቃቸው አለፉ። መቁጠሪያቸው ከሣጥኔ አለ፤ ለፋሲካ ስትመጪ ትወስጂዋለሽ።

እናትሽ