የእሳት ማጥፊያ ለቦሎ ቀን ብቻ እንዳይሆን፦ ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በተሽከርካሪ ውስጥ የሚቀመጥ የእሳት ማጥፊያ የሚመረመርበት መንገድ እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

ክቡራን ሆይ፣

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናገር። ለዓመታት የመኪናዬን ቦሎ ለማሳደስ በሄድኩ ቁጥር የእሳት ማጥፊያ ከጎረቤቴ እየተዋስኩ ነበር። መርማሪው ከሦስት ማዕዘኑ አንጸባራቂና ከመጀመሪያ እርዳታ መስጫው ሣጥን ጋር ቀይዋን ሲሊንደር በዓይኑ አይቶ ምልክት ያደርጋል፤ እኔም የዚያኑ ዕለት ማታ ለባለቤቷ እመልሳለሁ። ጎረቤቴም ቢሆን ሲሊንደሯን ከገዛት ጀምሮ አንድም ቀን አስፈትሿት ስለማያውቅ፣ አንዲት ምናልባት ባዶ የሆነች ዕቃ ሁለት መኪኖችን በየዓመቱ ብቁ ስታሰኝ ኖራለች ማለት ነው።

ይህ ነገር ያሳፈረኝ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ስመለስ፣ አለልቱን አልፌ ሰንዳፋ ከመድረሴ በፊት ባየሁት ነው። ከፊቴ የሚሄድ አሮጌ ሚኒባስ ከገቢናው ሥር ጭስ ያወጣ ጀመር። እንደሚታወቀው በእነዚህ ሚኒባሶች ሞተሩ የሚገኘው ከፊት ወንበሮች ሥር ስለሆነ፣ እሳቱ ሲነሳ ሹፌሩና ከጎኑ ያሉት ሰዎች ከላዩ ተቀምጠዋል። ሹፌሩ ዳር ይዞ አቆመ፤ ረዳቱም ተሳፋሪውን በፍጥነት አወረደ። የእሳት ማጥፊያው ግን ከኋላ፣ ከስኮርታ ጎማውና ከሁለት ጆንያ ሽንኩርት ሥር ነበር። ተጎልጉሎ ሲወጣ የግፊት ጠቋሚ መርፌው ቀዩ ላይ ወድቋል፤ እጀታው ሲጨመቅ አንድ እፍኝ የማይሞላ ዱቄት ተፍቶ ዝም አለ። እኔም መኪናዬን አቁሜ ወረድኩ፤ በእጄ የነበረው ግን ክሪክና የጎማ መፍቻ ብቻ ነበር። እሳቱን ያጠፋልን ከኋላችን የደረሰ የከባድ መኪና ሹፌር ከካቢናው ይዞት የሮጠው ትልቅ ሲሊንደር ነው። ሰው አልተጎዳም፤ ወንበሮቹና የተሳፋሪው ሻንጣዎች ግን ተቃጥለዋል። መንስኤው፣ ሹፌሩ በኋላ እንደነገረን፣ ለተጨማሪ መብራት ያለ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪው የተሳበ ሽቦ ነበር።

በትንሽ መኪና የምትያዘው የ1 ኪሎ ዱቄት ማጥፊያ የምትሠራው ለ10 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ይህች 10 ሰከንድ ዋጋ የሚኖራት እሳቱ ገና ከሽቦና ከነዳጅ ቱቦ ሳያልፍ ከተደረሰበት ሲሆን፣ ዕቃ በማንሳት ደቂቃ ካለፈ ግን ሙሉዋም ሲሊንደር ከባዶዋ አትሻልም። አዲስ አበባ ውስጥ 939 ደውሎ የእሳት አደጋ መኪና መጠበቅ ይቻል ይሆናል፤ በገጠር መንገድ ላይ ግን ያለው ተስፋ ሹፌሩ የያዛት ሲሊንደር ናት። እሷም ብትሆን ተገዝታ የምትረሳ ዕቃ አይደለችም። ግፊቷ ቀስ በቀስ ያመልጣል፤ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ዱቄቱ ከሥር ይጠቀጠቃል፤ እንደ ሰመራና መተማ ባሉ ሞቃት ቦታዎች ደግሞ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ብዙዎቹ ማጥፊያዎች ከተሠሩበት የ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጣሪያ ሊጠጋ ይችላል።

ስለዚህ ሚኒስቴሩ በዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ወቅት መርማሪዎች ሲሊንደሯ መኖሯን ብቻ ከማየት አልፈው መርፌዋ አረንጓዴው ላይ መሆኑን፣ የመቆለፊያዋ ቀለበት አለመዛጉን፣ የተሞላችበት ቀን መጻፉን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሹፌሩ ከወንበሩ ሆኖ እጁን ዘርግቶ በሚደርስበት ቦታ በማቀፊያ መታሰሯን እንዲያረጋግጡ የሚያስገድድ መመሪያ እንዲያወጣ እጠይቃለሁ። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ መርፌ ስለሌለው በሚዛን መፈተሽ ይኖርበታል። የሲሊንደሯ መለያ ቁጥርም ከሰሌዳ ቁጥሩ ጋር ቢመዘገብ እንደ እኔ ያለ ተዋሽ መንገዱ ይዘጋበታል። ሁሉን በአንድ ጊዜ ማዳረስ ካልተቻለ በሕዝብ ማመላለሻዎች ይጀመር። የግል መኪና ባለቤቶች ስለ ወጪው ማማረራችን አይቀርም፤ ነገር ግን አንዲት ትንሽ ማጥፊያ ከአንድ አዲስ ጎማ ዋጋ ታንሳለች፤ ለጎማው ደግሞ ማንም ጎረቤቱን አያስቸግርም።

በአሽከርካሪ ማሠልጠኛዎችም ሠልጣኙ ለፈተናው መልስ ከመሸምደድ ይልቅ አንድ ጊዜ ቀለበቱን ነቅሎ፣ በሰፊ ብረት ላይ የተለኮሰ እሳትን ከሥሩ እየጠራረገ እንዲያጠፋ ቢደረግ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ሞተሩ ሲጨስ መጀመሪያ የሚያደርገው ኮፈኑን ወለል አድርጎ መክፈት ነው፤ ይህ ደግሞ ለእሳቱ አየር መጋበዝ ነው። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሰው አውርዶ፣ ኮፈኑን በትንሹ ብቻ ገርበብ በማድረግ በስንጥቁ ዱቄቱን መርጨት እንደሚገባ እኔ ራሴ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የሰማሁት።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። የእነዚህ መኪኖች ትልቁ የሊቲየም ባትሪ ከተቀጣጠለ አንዱ ሕዋስ ሌላውን እያጋለ ስለሚሄድ፣ ባትሪውን የማያቀዘቅዘው ዱቄት አይበቃውም፤ ብዙ ውሃ ይፈልጋል፤ ጠፋ ከተባለም በኋላ ከሰዓታት ቆይታ እንደገና ሊነሳ ይችላል። ማጥፊያዋ ለወንበርና ለትንንሽ ሽቦዎች እሳት ዛሬም ትጠቅማለች፤ ጭሱ ከወለሉ ሥር፣ ከባትሪው የሚወጣ ከሆነ ግን ሹፌሩ መታገሉን ትቶ ከተሳፋሪዎቹ ጋር ርቆ እርዳታ መጥራት አለበት። ይህ ልዩነት በማሠልጠኛ መጻሕፍትና በምርመራ ጣቢያዎች ግድግዳ ላይ በግልጽ ተጽፎ እንዲነበብ እጠይቃለሁ።

እኔ ከዚያ ቀን በኋላ የራሴን ማጥፊያ ገዝቼ ከወንበሬ ሥር አሳስሬያለሁ። በሚቀጥለው ምርመራ መርማሪው ጎንበስ ብሎ መርፌዋን እንዲያይልኝ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የግል መኪና አሽከርካሪ