ጅቡ ምን አደረገ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ ሙሰኞቹን «ጅቦች» ብላችኋቸዋል። ሐረር ጀጎል ውስጥ ላደግሁት ለእኔ ትንሽ ከበደኝ። እዚህ «ወራባ» ነው የምንለው፤ ግንቡ ላይ እንኳ መግቢያ ቀዳዳ አለው። ማታ ይገባል፣ የተጣለውን አጥንት ቆርጥሞ ሰፈሩን አጽድቶ ይወጣል። ከግንቡ ውጭ የሚመግቡት ሰዎች ስም አውጥተውለት በስሙ ይጠሩታል። እንጨት ጫፍ ላይ ያለችውን ስጋ መንጭቆ ሲወስድ የሰውየውን እጅ አይነካም። ደግሞ መንጋውን የምትመራው ሴቷ ናት (እስከ ዛሬ «አያ ጅቦ» ስንል «እመት ጅቢት»ን ረስተናታል)። ሆዳም ነው፣ አልክድም። ግን መሬት በሐሰተኛ ካርታ ሲሸጥ አላየሁትም። «ሌባ» የሚል ቃል አለን አይደል? እሱን ጻፉ።

አንባቢያችሁ፣ ከሐረር