ስለ ፍራንክፈርቱ መልአክ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ሽሮና በርበሬ በፖስታ ልካልሻለች፤ ሲደርስሽ ደውይላት።

በሰርጉ ዕለት፣ ናዚዎች ላሳደዷቸው ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መታሰቢያ ስለቆመው ስለ ፍራንክፈርቱ የመልአክ ሐውልት ሲነሣ፣ አጎትሽ «ለእነሱ ደግሞ ሐውልት!» ብሎ ገበታውን ማሳቁን ጽፈሽልኛል። መልስ ብታጪ አይገርመኝም፤ ሰው በሚስቅበት ገበታ ላይ ስለ ሙታን መናገር ከባድ ነው።

ያ መልአክ በፍራንክፈርት መሀል ካለው ከኮንስታብለርቫኸ አደባባይ ትንሽ ዘወር ብሎ በክላውስ ማን አደባባይ ላይ የቆመው ነው። ሌሊት ታክሲ ስነዳ በአጠገቡ ብዙ አልፌአለሁ። የሠራችው ሮዘማሪ ትሮክል የምትባል አርቲስት ናት፤ የተመረቀውም በዲሴምበር 1994 ነው (ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። ለኮሎኝ ካቴድራል ተሠርቶ የነበረን መልአክ አምሳል ወስዳ አንገቱን ቆረጠችው፤ ከዚያ ጭንቅላቱን ትንሽ አዙራ መልሳ ገጠመችው። ጠባሳው በግልጽ ይታያል። በእኛ ሥዕሎች ላይ መላእክት በሁለት ዓይን ቀጥ ብለው ያዩናል፤ የዚህኛው ፊት ግን ከሰውነቱ ጋር አልገጥም ብሎ ቀርቷል።

በናዚ ዘመን ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅሩ ወንዶችና ሴቶች መሳደዳቸውንና መገደላቸውን ከሥሩ የተጻፈው ጽሑፍ ይናገራል። ወንጀሉ እንደተካደ፣ የተገደሉት እንዳይነሡ እንደተደረገ፣ የተረፉት ደግሞ እንደተናቁና እንደተፈረደባቸው ይጨምራል። ለአጎትሽ ይህን የመጨረሻውን አንብቢለት። ሂትለር ከሞተ በኋላ ማን ፈረደባቸው?

ወንድ ከወንድ ጋር የሚያደርገውን ግንኙነት የሚያስቀጣው፣ አንቀጽ 175 የሚባለው የጀርመን ሕግ ከ1871 ጀምሮ የነበረ ነው። ናዚዎች በ1935 አጠበቁት፤ በእነሱ ዘመን 50,000 ያህል ወንዶች በዚህ ሕግ ተፈረደባቸው፤ በሺዎች የሚቆጠሩት ደረታቸው ላይ ሮዝ ሦስት ማዕዘን ተለጥፎባቸው ማጎሪያ ካምፕ ገቡ። ጦርነቱ ሲያበቃ ምዕራብ ጀርመን የናዚዎቹን አንቀጽ አንድ ቃል ሳትነካ አስቀጠለችው። በ1957 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ራሱ «ትክክል ነው» ብሎ አጸናው። እስከ 1969 ድረስ እንደገና 50,000 ያህል ሰዎች ተፈረደባቸው። አንቀጹ ጨርሶ የተሰረዘው ይህ መልአክ በቆመበት በ1994 ነው።

እዚሁ በከተማችን ደግሞ ከ1950 እስከ 1951 ወደ 100 የሚጠጉ ወንዶች ተያዙ፤ ብዙዎቹም ለፍርድ ቀረቡ። ከፈረዱባቸው ዳኞች መካከል በናዚም ጊዜ በዚሁ አንቀጽ ሲሠራ የነበረ አለበት። ካባውን ሳያወልቅ መንግሥት ተቀየረለት! ከተጠርጣሪዎቹ መካከል ራሳቸውን ያጠፉ ነበሩ፤ አንድ የ19 ዓመት ልጅ ከጎቴ ማማ ላይ ራሱን ወረወረ። ልጆች ሳላችሁ እሑድ እሑድ እየተሯሯጣችሁ የምትወጡት የእንጨቱ ማማ ነው። በ2017 ተቃጥሎ እንደገና ተሠርቷል።

ሐውልቱ አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል እላለሁ። ጽሑፉ ወንድን ስለሚያፈቅር ወንድና ሴትን ስለምታፈቅር ሴት ይናገራል፤ በወንድ አካል ተወልደው እንደ ሴት፣ ወይም በሴት አካል ተወልደው እንደ ወንድ ስለሚኖሩት ዝም ይላል። በርሊን ውስጥ ሐኪሙ ማግኑስ ሂርሽፌልድ ያቋቋመው ተቋም ነበር፤ እነዚህ ሰዎች በአለባበሳቸው ምክንያት እንዳይታሰሩ ከፖሊስ የፈቃድ ወረቀት እንዲያገኙ ይረዳቸው ነበር። በሜይ 1933 የናዚ ተማሪዎች ዘረፉት፤ መጻሕፍቱንም አደባባይ ላይ አቃጠሏቸው።

አጎትሽ «ኃጢአት ነው» ይልሻል። ይበል፤ እሱን ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገርበት። ሐውልቱ የቆመው መንግሥት ስላደረገው ነገር ነው። የአገራችን የ1996ቱ (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 ይህንኑ እንደሚያስቀጣ አውቃለሁ፤ ፖሊስ በሰው መኝታ ቤት ምን ጉዳይ እንዳለው ግን እዚያም እዚህም አልገባኝም።

እኔና አጎትሽ በቀይ ሽብር ጊዜ ልጆች ነበርን። ጎረቤታችን የልጇን ሬሳ መንገድ ዳር አይታ፣ ማልቀስ ክልክል ስለነበር ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ስታልፍ አብረን ቆመን አይተናል። ደርግ ሲወድቅ ግን ጮኻ አለቀሰች፤ ድንኳን ተተከለ፣ ዕድሩ መጣ፣ በኋላም መስቀል አደባባይ አጠገብ የሰማዕታቱ መታሰቢያ ተሠራላቸው። መልአኩ የቆመላቸው ሰዎች እናቶች ግን ናዚ ከወደቀ በኋላ እንኳ ልጃቸው በምን ምክንያት እንደሞተ ለጎረቤት መናገር አይችሉም ነበር፤ ሕጉ በሥራ ላይ ነበራ።

ይህን እኔው ራሴ ለአጎትሽ እነግረዋለሁ፤ አንቺ አትጨነቂ። በሚቀጥለው ሳምንት ከአውሮፕላን ጣቢያ የምቀበለው እኔ ነኝ፤ በኮንስታብለርቫኸ በኩል አድርጌ አመጣዋለሁ።

አባትሽ